ያልተሳካላቸው መንደሮች ፍለጋ

የሥራ መደቤ መጠሪያ «የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያ» ነበር። ላሊበላ ገበያ ላይ ላገኘሁት ሰው ግን ይህ ስም ምንም አይነግረውም። «ሌላ አገር ያለ ገበሬ እንደኛ ያለ ችግር ሲገጥመው ምን እንዳደረገ ኢንተርኔት ላይ እፈልጋለሁ» እላለሁ። «ከዚያስ?» ይሉኛል። «ለኛ የሚሆነውን ከማይሆነው እለያለሁ።» ይህ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው አያምነኝም ነበር።

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ዓመት ነው። ቦታዬን የተረከበችው ሰላም የምትባል ጎበዝ ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም አልቆየች። ኮምፒውተሩን ሳስረክባት «እስቲ ስለ ምንጭ ማጎልበት አንድ ነገር ፈልጊልኝ» አልኳት። ልፈትናት ብዬ አልነበረም፤ አሠራሯን ለማየት ነው። ኮምፒውተሩን አልነካችውም። ስልኳን አውጥታ በአማርኛ ጠየቀችው፤ ስልኩም በአማርኛ መለሰላት። መልሱ ቅልብጭ ያለ፣ ቋንቋውም ያማረ ነበር።

«የትኛው መንደር ነው እንዲህ የተደረገው?» አልኳት።

ገጹን ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጋ አየች። «መንደር አይጠቅስም።»

«ማን ነው የጻፈው?»

«እሱንም አይልም።» ከዚያ ቀና ብላ «እናንተስ እንዴት ነበር የምትሠሩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ያን ቀን ርክክቡ ስላላለቀ ቆንጥሬ ነገርኳት። ሙሉውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት እዚሁ ላሊበላ ነው። አባቴ መስቀል እየቀረጹ ለእንግዶች ይሸጡ ስለነበር፣ እንግሊዝኛዬ ግማሹ ከትምህርት ቤት፣ ግማሹ ከሱቃቸው ደጃፍ የተለቀመ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ግን እንግሊዝኛ በማያስፈልግበት ቦታ፣ ደላንታ ወረዳ ወገል ጤና፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነበር። እዚያ እውቀት የሚመጣልን ከላይ ነው፤ ተጠርዞ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ብዙ ጊዜም ወቅቱ ካለፈ በኋላ። ስለ አዘራር የሚያስረዳው ጥራዝ አጨዳ ላይ ይደርሰናል። ለከርሞ ይሆናል ብለን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ለከርሞ ደግሞ ሌላ ይመጣል። አለቃዬ መልካም ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የማላውቀውን ስጠይቃቸው «መመሪያው ምን ይላል?» ከማለት አያልፉም።

ቀጥሎ ወደ ብልባላ ተዛወርኩ። እዚያ ሥራው በእግር ነው። ገበያ ከሚወርዱ ሴቶችና ከጭነት አህዮቻቸው ጋር እየተጓዝኩ ስለ ጎተራው፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ውሃው ስሰማ እውል ነበር። ጥያቄ በየመንገዱ ይቀርብልኛል፤ መልስ ግን አልነበረኝም። ደመወዙ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ስለሱ የምለው የለኝም።

በኋላ ላሊበላ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የልማት ማኅበር ባለሙያ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ጋሽ ታረቀኝ ይባላሉ። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ታረቀኝ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሰው ነበሩ፤ ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ ኪሳቸው የገብስ ቆሎ የማይጠፋበት። ያኔ ቢሯችን ኢንተርኔት አልነበረውም፤ ኢንተርኔት የነበረው ቱሪስት በሚያርፍባቸው ሆቴሎች ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሸተን ማርያም ተራራ ትይዩ ሆቴል ነበረው። ጠዋት እንግዶቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ሊጎበኙ ሲወጡ ኔትወርኩ ይፈጥናል፤ እኛ ያኔ እንገባለን። ቆሎው የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር። ገጹ እስኪከፈት ጋሽ ታረቀኝ ቀስ እያሉ ይቆረጥማሉ፤ ሲከፈት እጃቸውን አራግፈው መነጽራቸውን ያደርጋሉ።

መጀመሪያ ያረሙኝ የምጽፈውን ቃል ነው። እኔ «የተቀናጀ ዘላቂ የተፋሰስ ልማት» ብዬ በእንግሊዝኛ ስጽፍ የሚመጣልኝ የስብሰባ ሪፖርት ብቻ ነበር።

«ይኼን ቃል የሚጽፈው ማን ነው?» አሉኝ።

«ባለሙያ ነዋ።»

«እንግዲያው ባለሙያ ጠርተሽ ባለሙያ መጣልሽ። ገበሬው ችግሩን ሲነግርሽ ምን ይላል?»

«ጎርፍ ማሳዬን በላው ይላል።»

«እሱን ጻፊ።»

ጻፍኩ። የኔፓል ገበሬዎች መጡልኝ፣ የቦሊቪያ ገበሬዎች መጡልኝ። ያኔ ነው ይህ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው ፎቶግራፍ አነባበባቸው ነበር። ፊት ለፊት የቆመውን ሰው አያዩም፤ ከበስተኋላው ያለውን ነው የሚያዩት። ሣሩ ለምለም ነው ወይስ ደርቋል? ቧንቧው ሥር ያለው መሬት እርጥብ ነው? የሴቶቹ እንስራ ሙሉ ነው ባዶ? አንድ ጊዜ በጣም የወደድኩትን የውሃ ፕሮጀክት ሳሳያቸው ጥጉን በጣታቸው ነክተው «ሪባኑ ገና እንጨቱ ላይ ታስሯል። ይኼ የተነሣው በምረቃው ቀን ነው። በምረቃ ቀን ሁሉም ቧንቧ ይፈስሳል» አሉኝ።

ሦስተኛው ለዘላለም አብሮኝ የቀረው ነው። «የፕሮጀክቱን ስም ተዪው» ይሉኛል። «ፕሮጀክት ያልቃል፤ ሲያልቅ ድረ ገጹም ይዘጋል። መንደሩ ግን እዚያው ነው። የመንደሩን ስም ፈልጊ።» ስለዚህ አንድ ቦታ የተሠራ ነገር ስናገኝ የመንደሩን ስም ብቻውን እንጽፋለን። የትምህርት ቤቱ ወሬ፣ የመንገዱ ወሬ፣ የአካባቢው ጋዜጣ ይመጣል። እንደዚያ ስንፈልግ፣ ወፍጮ ተተከለላቸው ተብሎ የተመሰገኑ ሴቶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ወደ ድንጋይ ወፍጮ መመለሳቸውን ያነበብንበት ቀን አለ።

በዚህ መንገድ የሠራናቸው ጥሩ ነገሮች አሉ። የደላንታ ሴቶች የድንች ዘር ጨለማ ውስጥ እያስቀመጡ ቡቃያው እየቀጠነና እየተሰበረ ሲቸገሩ ከወገል ጤና ጀምሮ አውቃለሁ። «የድንች ዘር፣ ተራራ፣ ማስቀመጫ» ብለን ስንፈልግ የፔሩ ደጋ ገበሬዎች ብርሃን በሚያስገባ የእንጨት ቆጥ ላይ ዘርግተው እንደሚያቆዩት አገኘን። ብርሃን ያገኘ ዘር ቡቃያው አጭርና ወፍራም ይሆናል። በባሕር ዛፍ እንጨት ሠርተን አሳየናቸው፤ ያዩት ጎረቤቶች እኛን ሳይጠብቁ ሠሩ። ከዚህ በኋላ በራሳችን መተማመናችን ጨመረ።

የእንዶድ በር ነገር የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

እንዶድ በር ወደ ብልባላ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ያለ መንደር ነው። ወንዙ ክረምት ላይ ደፍርሶ እየጮኸ ይወርዳል፤ በጋ ላይ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ይቀራል። ሴቶቹ የሚቀዱት ገደል ወርደው ነው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እትዬ እናኑ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው የረጋ ሴት ናቸው። ልጃቸው ውሃ ተሸክማ ከዚያ ገደል ስትወጣ ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር፤ ቢጠገንም ታነክሳለች። ይህን የነገረን ሌላ ሰው ነው። እሳቸው ቢሯችን መጥተው ያሉት «እናንተ ሌላውን አገር የምታዩ ሰዎች ናችሁ አሉ። ወንዛችን በጋ ላይ ቢደርቅም አሸዋው ሲጫር እርጥብ ነው። ይህን ውሃ ማቆያ ያገኘ ሰው የለም?» ብቻ ነው።

ነበር። በኬንያ ደረቅ አካባቢዎች የአሸዋ ግድብ የሚባል ነገር ይሠራሉ። በወንዙ ላይ ግንብ ይገነባል፤ ጎርፉ አሸዋ እያመጣ ከግንቡ በስተጀርባ ይሞላዋል፤ ውሃው በአሸዋው መካከል ይጠራቀማል። ፀሐይ አያተነውም፣ ከብት አያደፈርሰውም። ከግንቡ ሥር በቱቦ ይወጣል። ሥራችንን እንደ ልማዳችን ሠራን። የመንደሮቹን ስም ለየብቻ ፈለግን፤ ብዙ ዓመት የቆዩና እስካሁን የሚሠሩ ግድቦች ነበሩ። ፎቶዎቹም የምረቃ ቀን ፎቶዎች አልነበሩም። ወደ እንዶድ በር ወርደን ከወንዙ አልጋ አሸዋ ወሰድን፤ በጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር በጥብጠን አስቀመጥነው። አሸዋው ወዲያው ዘቀጠ፣ ውሃው ጠራ። ከውጪ ያስመጣነው መሐንዲስም አይቶ ተስማማ። ጋሽ ታረቀኝ «ጥሩ ነው» አሉ፤ ይህን ቃል በቀላሉ አያወጡትም ነበር።

ድንጋዩን የሚያቀርበው ሕዝቡ ነበር። በስብሰባው ላይ ብዙዎቹ አመነቱ፤ ጾሙም እየገባ ነበር። እትዬ እናኑ ተነሥተው «እኔ ልጄን ይዤ እመጣለሁ» አሉና ተቀመጡ። በማግሥቱ ሴቶቹ መጡ። በጋውን በሙሉ ድንጋይ በጀርባቸው ተሸከሙ፤ ወንዶቹ ገነቡ። የምታነክሰው ልጅ ሳትቀር ጠጠር በቁና ታመላልስ ነበር። ክረምት ሳይገባ ግንቡ ቆመ።

ዝናቡ የጣለው ዳገቱ ሁሉ በታረሰበት ሰሞን ነው። መንገዱ ሲከፈት ወረድን። ከግንቡ በስተጀርባ ጥቁር ጭቃ እንደ ተለሰነ መደብ ተስተካክሎ ተኝቷል። አሸዋ የለም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ቱቦው ጥቂት ቀን አንጠባጠበና ቆመ። ጭቃው ውስጥ ውሃ አለ፤ ነገር ግን ጭቃ እንደ አሸዋ ውሃውን አይለቅም።

ጋሽ ታረቀኝ ከዘራቸውን ጭቃው ውስጥ ሰክተው አወጡና ጫፉ ላይ የተጣበቀውን በጣቶቻቸው መካከል አሹት።

«ዋልካ ነው» አሉ። «እኛ በጠርሙስ ያየነው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ታጥቦ የቀረውን አሸዋ ነው። ጎርፉን ራሱን አልቀዳንም።»

ከዚያ ሆቴሉ ሄደን ፍለጋ ጀመርን። «የአሸዋ ግድብ፣ ጭቃ፣ ሞላ፣ አልሠራም» ብለን ጻፍን። ይህን ጉዳይ የሚመለከት የተገኘው ነገር አንድ ተማሪ የጻፈው ጥናት ውስጥ ያሉ ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። በሌላም ቦታ ግድቦች በደለል ሞልተው ተትተዋል ይላል፤ የመንደሮቹን ስም አይጠቅስም። ጋሽ ታረቀኝ ቆሎአቸውን አላወጡም።

«የመንደሩን ስም ፈልጊ እያልኩ ሳስተምርሽ ኖርኩ» አሉ። «ስሙ የተጻፈው ግን የተሳካለት መንደር ነው። ያልተሳካለትን ማን ይጽፈዋል? ገንዘብ የሰጠው አይወድም፣ የሠራው አይወድም። እኛ ያነበብነው የተረፉትን ብቻ ነው።»

በእንዶድ በር የሚቆጣን እንጠብቅ ነበር። የተቆጣን የለም። ዋጋውን የከፈሉት እትዬ እናኑ ናቸው። የኮሚቴው አባላት መሰብሰብ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሴቶቹ ሰላምታ ብቻ ሰጥተው ያልፏቸዋል። አጨዳ ሲደርስ ለደቦ ቢጠሩ የመጣ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውና ልጃቸው ብቻቸውን ሲያጭዱ ጤፉ ቆይቶ ረገፈባቸው። ይህን የሰማነው ከደብሩ አገልጋይ ከቄስ ሞላ ነው። በማግሥቱ ጋሽ ታረቀኝ ማልደው ብቻቸውን እንዶድ በር ወርደው ሴቶቹን ሰብስበው «ያጠናነው እኛ ነን፤ የተሳሳተው ጥናቱ ነው፤ እናኑ የነገረቻችሁ እኛ የነገርናትን ነው» ብለው ተናገሩ። ሴቶቹ አዳመጧቸው። ለእትዬ እናኑ ግን ቶሎ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ብዙ ሳይቆዩ ጋሽ ታረቀኝ ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ወዳሉበት ወደ ወልድያ ሄዱ። ከዚያ ኮሮና መጥቶ እንግዶች ቀሩ። የአክስቴ ልጅ ሆቴሉን ዘጋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መብራቱም፣ ባንኩም፣ ስልኩም ጠፋ። የእኔ ሥራ ኔትወርክ ነበርና ሥራዬ ቆመ ማለት ይቻላል። ሌሎቹ የሚሠሩትን እየሠራሁ፣ እህል ሲገኝ እያከፋፈልኩ ቆየሁ። ስለዚያ ጊዜ ሌሎች ከኔ የበለጠ የሚናገሩት አላቸው።

አገሩ ተረጋግቶ ኔትወርክ ሲመለስ ቢሯችን የራሱ መስመር ገባለት። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ መጀመሪያ የፈለግሁት እንዶድ በርን ነው። እስከዚያ ድረስ የምጠይቀው ውሃውን ከጭቃው እንዴት እንደማወጣ ነበር፤ መልሱም ሁልጊዜ ጭቃውን ዝቁ የሚል ነው። ያን ቀን ውሃውን ተውኩት። «ግድቡ በደለል ሞላ፤ ሰዎች በደለሉ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጻፍኩ።

የሰሜን ቻይና ኮረብታዎች መጡ። አፈሩ በቀላሉ የሚሸረሸር አገር ነው። ገበሬዎቹ በየሸለቆው ግድብ የሚሠሩት ደለል እንዲሞላው ፈልገው ነው፤ ሲሞላ ሜዳ ይሆናል፤ ሜዳውን ያርሱታል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። በሁለት ራቁት ኮረብታዎች መካከል የተዘረጋ ለምለም እርሻ ነው። ከበስተኋላው ያለው ግንብ የኛን ይመስላል።

ወልድያ ደወልኩ። ጋሽ ታረቀኝ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ግንባችን ቆሟል?» አሉ።

«ቆሟል።»

«ሄደሽ ቆፍሪ። በበጋ እርጥበቱ እስከ የት እንደሚወርድ እይ። አንድ ነገር ደግሞ ፈልጊ፤ እነዚያ ሰዎች ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ውሃውን በየት ነው የሚያሳልፉት? እርሻው መሐል ከገባ ሁሉንም ጠርጎ ይሄዳል።»

ፈለግሁ። በዳር በኩል በድንጋይ የተነጠፈ ማሳለፊያ ያበጁለታል። ወርጄ ቆፈርኩም፤ ላዩ ቢሰነጣጠቅም ክንድ ያህል ሲወርዱ አፈሩ በሚያዝያ ጨለም ያለና እርጥብ ነበር። የመጠጥ ውሃው ጉዳይ በሌላ መንገድ መፍትሔ አግኝቷል፤ ወረዳው ከላይ ያለውን ምንጭ አጎልብቶ ቦኖ አወረደላቸው። ያንን የሠራነው እኛ አይደለንም።

ደለሉ እርሻ ይሆናል ብዬ ስናገር ግን ያልጠበቅሁት ጥያቄ ተነሣ፤ የማን እርሻ? ከወንዙ ዳር መሬት ያላቸው አቶ አድማሱ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቄስ ሞላ ሸንጎውን ሲጠሩ በእርጋታ ተናገሩ።

«ይህ ወንዝ ከማሳዬ ሲበላ ነው የኖረው። አባቴ ያረሰው መሬት ነው የሄደው። የሄደው ከተመለሰ ለማን ነው የሚመለሰው?»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ነበር። ቄስ ሞላ «ሌላ የሚናገር አለ?» አሉ። ሴቶቹ ተያዩ። ከዳር የተቀመጡት እትዬ እናኑ ተነሡ። ከጤፉ ዓመት ወዲህ በሸንጎ ሲናገሩ የሰማቸው አልነበረም።

«አድማሱ እውነቱን ነው» አሉ። «የአባቱ መሬት ሄዷል። ግን አፈሩ ከሱ ማሳ ብቻ አልመጣም፤ ከዳገቱ ሁሉ፣ ከሁላችንም ማሳ ነው የመጣው። ያቆመው ደግሞ ግንቡ ነው። ግንቡን ማን እንደተሸከመው እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ለራሴ አልጠይቅም፤ እኔ ትንሽም ብትሆን መሬት አለችኝ። መሬት ሳይኖራቸው ድንጋይ የተሸከሙ አሉ። እኔ ነኝ ኑ ያልኳቸው።»

ቄስ ሞላ ወደኔ ዞረው «ሌላው አገር ምን አደረጉ?» ብለው ጠየቁኝ።

ፈልጌ ነበርና ያነበብኩትን ነገርኳቸው። በየቦታው ይለያያል። ብዙ ጊዜ የተጻፈው ችግር ግን አንድ ነው፤ መሬቱ ሲከፋፈል ግንቡን ማን እንደሚጠግን አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁሉም ያርሳል፣ የሚጠግን አይኖርም። «ስለዚህ» አልኩ፣ «ማን ይረስ ብቻ ሳይሆን ማን ይጠግን የሚለውንም አብራችሁ ወስኑ።»

ክርክሩ በዚያ ቀን አላለቀም። በመጨረሻ ወንዙ ከአቶ አድማሱ ማሳ የወሰደው ዳር ለሳቸው ተለየ፤ የቀረው ደግሞ መሬት ለሌላቸው ሴቶች በዕጣ ደረሰ። በደለሉ ላይ የሚያርሱ ሁሉ፣ አቶ አድማሱም ጭምር፣ ግንቡንና የጎርፍ ማሳለፊያውን በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይጠግናሉ። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ተተከለበት። ደረሰ። በዚያ ዓመት አጨዳ ላይ እትዬ እናኑ ደቦ ጠሩ። ምን ያህል ሰው እንደመጣ አልቆጠርኩም፤ ማሳው ግን በአንድ ቀን አለቀ።

ለኔ የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ያጣነውን ገጽ መጻፍ ፈለግሁ፤ ያልተሳካለት መንደር ገጽ። አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ረቂቁን አንብቦ መለሰልኝ።

«ለጋሾቻችን ቢያዩትስ?» አለኝ።

«እንዲያዩት ነው።»

«አንቺ ጡረታ ልትወጪ ነው። እኔ እዚህ ነኝ። በማኅበሩ ስም አይወጣም።»

እሱም ተሳስቷል አልልም፤ የሠራተኞች ደመወዝ በእጁ ነበር። ለጋሽ ታረቀኝ ደውዬ ነገርኳቸው። «በኔ ስም አውጪው» አሉ ወዲያውኑ። «እኔን ከሥራ የሚያስወጣኝ የለም።» ጽሑፉን በስልክ አነበብኩላቸው። አንድ አንቀጽ ላይ አስቆሙኝና አስረዘሙት። በበጋ የወንዙን አሸዋ ብቻ አትመኑ ይላል፤ በክረምት ጎርፉን ራሱን በጠርሙስ ቅዱ፣ አስቀምጡት፣ ከሥር የሚዘቅጠው አሸዋ መሆኑን እስክታዩ ድረስ ድንጋይ አታስነሡ። በእንግሊዝኛም በአማርኛም ጽፈን፣ እንደኛ ያሉ ባለሙያዎች በሚወያዩበት አንድ ገጽ ላይ አወጣነው። ርዕሱ ላይ የመንደሩን ስም አስገባን።

ለረጅም ጊዜ ማንም ያነበበው አይመስልም ነበር። ጋሽ ታረቀኝ በዚያ መካከል ታመሙና ዐረፉ። ወልድያ ለቀብራቸው ሄድኩ።

ከኔ ጡረታ ወራት ቀደም ብሎ ለጋሽ ታረቀኝ የተጻፈ ኢሜይል በኔ አድራሻ ደረሰኝ። የጻፈችው በሌላ የአፍሪካ አገር የምትሠራ የውሃ ባለሙያ ናት። የአሸዋ ግድብ ሊሠሩ ቦታ መርጠዋል፤ ሕዝቡም ድንጋይ ለማቅረብ ተስማምቷል። ስትፈልግ የእንዶድ በርን ገጽ አገኘች። አፈራችሁ ምን ዓይነት ነበር? ጎርፉ ምን መልክ ነበረው? ብላ ትጠይቃለች። የማውቀውን ሁሉ ጻፍኩላት። መጀመሪያ ክረምታቸውን እንዲጠብቁ፣ ጎርፉን እንዲቀዱ ነገርኳት። ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ቀድተውታል። ለቀናት አልጠራም። ግድቡን ትተው ሌላ ዘዴ እየፈለጉ ነው። አቶ ታረቀኝን እንዳመሰግንላት ጠይቃለች።

ያን ሰሞን ልሰናበታቸው ወደ እንዶድ በር ወረድኩ። እትዬ እናኑ ከግንቡ ዳር ተቀምጠው የማሳለፊያውን ድንጋይ የሚያስተካክሉትን ሴቶች ይጠብቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ኢሜይሉ ነገርኳቸው።

«አገሩ የት ነው?» አሉ።

«ሩቅ ነው። ከኬንያም ያልፋል።»

«ስለኛ ግድብ አነበቡ?»

«አነበቡ።»

«ሴቶቹ ድንጋዩን ተሸክመውት ነበር?»

«አልተሸከሙም። ገና አልጀመሩም ነበር።»

እትዬ እናኑ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ግንቡ ተመለከቱ።

«ተመስገን» አሉ። «ኑ ያለቻቸውም ሴት ተረፈች።»